ዘጠኝ ጓዳ፣ አርባ ጉድጓድ

ሃራ-ኩዩል፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2016

ለእህቴ ልጅ ለኩኔይ፣ ሃምቡርግ

«ንገሪኝ» ብዬ እጀምራለሁ። አንቺም እንደ ወጋችን «ምንም የለም፣ እርስዎ ይንገሩኝ» እንዳልሽኝ ልቁጠረው። በደብዳቤ ይህን ሰላምታ ለመለዋወጥ ሁለት ወር ስለሚፈጅ ያንቺንም ድርሻ እኔው ጻፍኩልሽ። እሳትሽ አይጥፋ፣ ጉልበትሽ አይዛል፣ በሰው አገር ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኔና ፌክላ አለን። ፌክላ «ስሜን ወፈር አድርገህ ጻፈው» ስላለች ይኸው አወፈርኩት።

አያቲቱ የምንላት ወንዛችን ዘንድሮ ቀደም ብላ በረዶ ሆና ቆመች። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው መኪና በበረዶዋ ላይ ተሻግሮ ዱቄትና ፖስታ አመጣ። ላሞቹ ሦስት ናቸው። ግራጫው ፈረስ ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ተደናቅፎ የፊት እግሩን አሞታል። ሜዳውን ብታዪው አታውቂውም፤ መሬቱ ጉብታ ጉብታ ሆኗል፣ በጉብታዎቹ መካከል ሰው ወገቡ ድረስ ይገባል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። የቤታችን የምድጃው ማዕዘን ከበጋ ወዲህ አንድ ስንዝር ሰምጧል። በሩ አይገጥምም። በየሳምንቱ በመላጊያ እልገዋለሁ። ፌክላ «በዚህ ከቀጠልክ ለፋሲካ የድስት መክደኛ ይሆናል» እያለች ትስቅብኛለች። በአዲሱ ሰፈር ያለነው አሥራ አንድ ቤቶች ሁላችንም እንዲሁ ነን።

ባለፈው ወር ከከተማ ኮሚሽን መጣ። መሐንዲሱ ልጅ እግር ነው። ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይህ መሬት አንደኛ ምድብ ነው፣ ደረቅ አሸዋማ አፈር ነው፣ ከሥሩ በረዶ እምብዛም የለበትም አለን። እንዲያ ከሆነ ለምን ይሰምጣል ስንለው የዕቃ እጣቢ ከቤት ሥር ስለምትደፉ ነው አለ። ፌክላ በትዳራችን አርባ ዓመት ሙሉ እጣቢዋን በበረዶ ጋሪ ጭና ከአጥር ውጭ ስትደፋ የኖረች ሴት ናት። ሻይ ሳታቀርብለት ሸኘችው። በቤታችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከሚሰምጥ መሬት ተነስተው ወደ ኮረብታው የሚሄዱ ቤቶች ዝርዝር ጁን 1 ቀን ይዘጋል። የሚገባበት ሦስተኛ ምድብ ብቻ ነው፣ ከሥሩ በረዶ የበዛበትና በረዶው ሲቀልጥ የሚሰምጥ መሬት። የመንደሩ ሹም አፋናሲ ከዚህ በኋላ ሌላ ዝርዝር የለም ይላል። ካርታው ጥግ ላይ ስምሽና 2006 የሚል ተጽፏል። እኔም አየሁት።

አፋናሲ ካርታው ተሳስቷል የሚል አንድ ገጽ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ እንድትልኪ ለምንልኝ ብሏል። ይኸው ለመንኩለት። እኔ በግሌ የምፈልገው የጆሮዬ መስሚያ ባትሪ ነው፤ ትንሹን ክቡን። ያለሱ የፌክላን ስድብ ግማሹን ነው የምሰማው።

አጎትሽ ፕሮኮፒ


ሃምቡርግ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ ለፕሮኮፒ

ይንገሩኝ አጎቴ። እኔ ጋ ምንም የለም። የእርስዎና የፌክላ ጤና እንደምመኘው ይሁን፣ ከብቶቹ ክረምቱን ይውጡ። አራት እሽግ ባትሪ ልኬያለሁ። የፌክላን ስድብ ሙሉውን ይስሙ።

እኔ ቀኑን የማሳልፈው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። ከወንዛችን ተፋሰስ ሁሉ የመጣ የቀዘቀዘ አፈር በረጃጅም ሳጥን ተደርድሯል። እየሰነጠቅሁ አያለሁ፣ በረዶውን እለካለሁ፣ ስምና ምድብ እሰጠዋለሁ። በቀን ሃያ ያህል። እጄ ጓንት ውስጥ ይደነዝዛል፣ ከወጣሁ በኋላም እንደ ደነዘዘ ይቆያል። ስለ ቤታችሁ ሳነብም እንዲሁ ነበርኩ። ደነገጥኩ ብዬ ብጽፍልዎ ውሸት ይሆንብኛል።

ስለ ወረቀቱ ላስረዳዎት። ካርታ በደብዳቤ አይሻርም። ካርታው በደንቡ መሠረት የተሠራ ስለሆነ አዲስ ልኬታ ያስፈልጋል፤ እሱንም የሚያዘው ኮሚሽኑ ነው። ደግሞ ስለ እጣቢው የተባለው ነገር ሙሉ በሙሉ የማይሆን አይደለም። የፌክላ ባይሆን የጎረቤት ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ቢጠይቃቸው መልካም ነው።

በማርች የቋሚ መምህርነቴ ጉዳይ ይወሰናል። የሚወሰነው በትልቁ የተፋሰሱ ካርታ ላይ ተመሥርቶ ነው። የመንደራችን ካርታ ከእሱ ውስጥ የተሰፋ አንድ ቁራጭ ነው። ይህን የምጽፍልዎ እንዲያውቁት ብቻ ነው።

የእህትዎ ልጅ ኩኔይ


ሃራ-ኩዩል፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2017

ለኩኔይ

ንገሪኝ። እኔ ጋ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ብርድ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። እግዜር ከቀዝቃዛው ክፍልሽ በደህና ያውጣሽ። እኛ እዚህ በነፃ የምናገኘውን ብርድ አንቺ ባሕር ማዶ ሄደሽ ትገቢበታለሽ።

ባትሪው ልክ ነው። መስሚያዬን ሰክቼ ደብዳቤሽን ለፌክላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እጣቢው ጋ ስደርስ ተነስታ የሌለ እሳት ቆሰቆሰች። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ስለዚህ ባትሪው ያን ያህል አልጠቀመኝም። አፋናሲ ደግሞ አንብቦ አጣጥፎ መለሰልኝ። «ደንብ አዋቂ ሆናለች» አለ፣ ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ሲኒ ስናስቀምጥ ወደ ምድጃው ይንከባለላል። ሁለቱን እግሮች ከፍ ማድረግ ነበረብንና ያንቺን መጽሐፍ፣ ያን ስለ አፈር ምደባ የጻፍሽውንና በፖስታ የላክሽልንን፣ ከሥሩ አደረግነው። ውፍረቱ ልክክ አለ። ስምሽ ያለበት በላይ በኩል ነው፣ አትቀየሚ።

ኩኔይቻን፣ በልጅነትሽ ስም ልጥራሽና፣ ካርታው በደንቡ የተሠራ ነው ብለሽ ጽፈሻል። በዚያ በጋ ፋኖስ ይዞልሽ የዞረው ሰው እኔ ነኝ። እንዴት እንደተሠራ እኔም አንቺም እናውቃለን። ለአፋናሲ ምንም አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ጁን 1 ግን ቀኑን አይቀይርም።

አጎትሽ ፕሮኮፒ


ሃምቡርግ፣ ማርች 2 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ

ይንገሩኝ። ምንም የለም ብዬ አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቱንም ቀድጃለሁ። በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ፌክላንም ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ የእጣቢውን ነገር የጻፍኩት ሌላ የምጽፈው ስላጣሁ ነው።

እውነቱን ልጻፈው። ደንቡ አርባ ጉድጓድ ይል ነበር። በየሁለት መቶ እርምጃው አንድ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ተኩል ተሰርስሮ። ለዚያ ሥራ ሃያ አንድ ቀን ተሰጥቶኝ ነበር። እርስዎ «መሬቲቱን አርባ ቦታ ከምትወጊያት የተከፈተውን እዪ» ብለው በሸለቆው ዙሪያ ሥጋና ዓሣ እንዳይበላሽ በቀዘቀዘው መሬት ውስጥ የተቆፈሩትን የምድር ጓዳዎች አሳዩኝ። ዘጠኝ ጓዳ ገባን። ሥጋውንና ዓሣውን እየገፋን ግድግዳውን አየሁ፣ ለካሁ። ሦስት ቀን ፈጀ። ማስታወሻዬ ላይ ግን ጓዳ ብዬ አልጻፍኩም። አርባ ጉድጓድ ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ አንዱን ከዘጠኙ እያየሁ ሞላሁት። ወጣት ስለነበርኩ አይደለም፤ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ነው የሠራሁት። መሬቱ ግን ያው ይመስለኝ ነበር። ዘጠኙም ደረቅ ነበሩ።

ባለፈው ወር ከእኛ ወንዝ የታችኛው ክፍል የመጣ ሳጥን ከፈትኩ። ከጓዳ አጠገብ አሥር እርምጃ ርቆ የተሰረሰረ ነው ይላል። ከላይ አንድ ሜትር ተኩል አፈር፣ ከዚያ በታች ጥርት ያለ በረዶ። እስከ ሳጥኑ መጨረሻ በረዶ። ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። ምንም አልተሰማኝም፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ።

ከዘጠኙ ጓዳዎች አምስቱን የቆፈሩት እርስዎ ነዎት። ያውቁ ነበር?

የመምህርነቴ ውሳኔ ወደ ኤፕሪል ተሻግሯል። ያ ወረቀት አሁን ከወጣ ሥራው ብቻ አይደለም የሚቀረው። የእኔ ስም ያለበት ካርታ ሁሉ ይመረመራል፣ ከዚህ በኋላም አፈር እንድለካ የሚፈቅድልኝ አይኖርም። እስከ ኤፕሪል ማብቂያ ጊዜ ይስጡኝ። ከጁን በፊት ነው፣ ይደርሳል።

ኩኔይ


ሃራ-ኩዩል፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2017

ለኩኔይቻን

ዛሬ ሰላምታውን እንዝለለው። ጠየቅሽኝ፣ ልመልስልሽ። አዎ፣ አውቅ ነበር።

የጓዳ ቦታ እንዴት እንደሚመረጥ አባቴ ያስተማረኝን ልንገርሽ። ዲጂኖ ይዘሽ ትሄጃለሽ። የቀለጠውን አፈር ገፈሽ የቀዘቀዘው ላይ ስትደርሺ ዲጂኖውን ታሳርፊበታለሽ። አፈር ከሆነ ድምፁ ድፍን ነው፣ ዲጂኖውን ይይዘዋል። በረዶ ከሆነ ይጮኻል፣ እጅሽን ነዝሮ ይመልስሻል። ከጮኸ ጉድጓዱን ደፍነሽ፣ መሬቲቱን ይቅርታ ጠይቀሽ ሌላ ቦታ ትሞክሪያለሽ። በረዶ ውስጥ የተቆፈረ ጓዳ በሦስተኛው በጋ ግድግዳው ያልበዋል፣ ጣሪያው ይወርዳል፣ ሥጋው ይሸታል። ለአንዱ ጓዳ ሰባት ቦታ የሞከርኩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በሸለቆው ያለ ጓዳ በሙሉ የተቆፈረው በረዶ በሌለበት ነው። አንቺ እኛ ደረቅ ፈልገን ያገኘንበትን እያየሽ መሬቱ ሁሉ ደረቅ ነው አልሽ። ዘጠነኛው ጓዳ ውስጥ «እንዴት ያለ ደህና መሬት ነው» ስትይኝ ፋኖሱን ይዤ ቆሜ ነበር። አላረምኩሽም።

ለምን እንዳላረምኩሽ ለሰው ነግሬ አላውቅም፣ ለፌክላም ጭምር።

አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እናትሽን አኩሊናን ወደ ሐኪም የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ድርቆሹ ተከምሮ ሳያልቅ ትሄዳለች አለኝ። አኩሊና አይታኝ ገብቷታል። «ለኩኔይ ከነገርክ ወንድሜ አይደለህም» አለችኝ። «ሥራዋን ጥላ አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ ማየት አልፈልግም።» ማልኩላት። ከዚያ አንቺ መሰርሰሪያሽን ተሸክመሽ መጣሽ። ሃያ አንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ነኝ አልሽ። እኔ ቀኑን ቆጠርኩ። መናገር አልችልም፣ ሥራሽን ማሳጠር ግን እችላለሁ።

መሬቲቱን አትውጊያት ያልኩሽ ሰበብ ነበር። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ «መሬት ሳትጎርስ አትወጋም» የሚለውን የአባቶቻችንን ትልቅ ነገር ለሰበብ ተጠቀምኩበት። ሦስት ቀን ፈጀብሽ፣ አሥራ ስምንት ቀን ተረፈሽ። አኩሊና ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ «ኩኔይ ዛሬ ትወጣለች?» ትለኝ ነበር። «አትወጣም፣ ጨርሳለች» እላት ነበር። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ በየቀኑ ይህንኑ እላታለሁ። አንቺ ፀጉሯን ታበጥሪላት ነበር፣ ያን የከተማ ሐሜትሽን ታወሪላት ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን አረፈች።

ያ ሜዳ ያኔ የድርቆሽ ሜዳ ነበር። ቤት ይሠራበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ ካርታሽን ይዘው መጥተው ችካል ሲመቱ መናገር ነበረብኝ። ብናገር ያንቺ ነገር ይወጣል፣ እናም ዝም አልኩ። ዕጣ ሲወጣ ዲጂኖ ክፉኛ የጮኸበትን ቦታ ለይቼ ስለማውቀው እሱን ለእኔ ስጡኝ አልኩ። ሌላ ሰው ከሚገባበት ብዬ ነው። ፌክላ እስከ ዛሬ ለዕይታው ብዬ የመረጥኩት ይመስላታል።

ስለዚህ ወረቀቱን አትላኪ። ነገ አፋናሲ ዘንድ ሄጄ እኔው እፈርማለሁ። ጉድጓዶቹን የሰረሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሥራ ሰልችቶኝ የውሸት ቁጥር ሰጠኋት፣ ልጅቷ አጎቷን አመነች እላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከእኔ ምን ይወስዳሉ? አንቺ ሥራሽን ያዢ።

አያቲቱ በቅርቡ ትነቃለች። ወንዟ ተከፍታ በረዶው እስኪያልፍ አንድ ወር ፖስታ የለም፣ ብትቆጪም አልሰማሽም።

ፕሮኮፒ


ሃምቡርግ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ

ይንገሩኝ። የማርቹ ደብዳቤዬ መልስ አልደረሰኝም። ከእንግዲህ ቢደርስም ባይደርስም አንድ ነው፣ ምክንያቱም ትናንት ወረቀቱን በኮምፒውተር በቀጥታ ለኮሚሽኑ ልኬዋለሁ። አንድ ገጽ ነው፣ ፈርሜበታለሁ። አርባው ጉድጓድ አልተሰረሰረም፣ ካርታው ውድቅ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ የብቻዬ ነው ይላል። ስለ እርስዎ፣ ያኔ ድርቆሽ አጨዳ ላይ ስለነበሩ ምንም አያውቁም፣ ጓዳዎቹን ሳላስፈቅድ ብቻዬን ገብቼ ነው ያየኋቸው ብያለሁ። ማንም ቢጠይቅዎ እንዲሁ ይበሉ።

ለአለቃዬም ነገርኩት። ስላሳወቅሽኝ አመሰግናለሁ አለኝና በሩን በቀስታ ዘጋው። የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ እስከ ጁን እኔ ጋ ይቆያል፣ ከዚያ እመልሳለሁ። ቀለል ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቀለለኝም፣ አልከበደኝምም። ወደ ቤት ስሄድ ድንች ገዛሁ።

ኩኔይ


ሃራ-ኩዩል፣ ጁን 14 ቀን 2017

ለኩኔይቻን

ንገሪኝ ልልሽ ነበር፣ ነገርሽን ግን ከኮሚሽኑ ሰማሁት።

መሐንዲሱ ሜይ መጨረሻ ላይ፣ ወንዟ ገና በረዶ እየገፋች ሳለ በጀልባ መጣ። ሁለት ወረቀት ይዟል። አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ ያንቺ። በእኔው ወረቀት አንቺ ምንም አታውቂም፣ በአንቺው ወረቀት እኔ ድርቆሽ ላይ ነኝ። በአፋናሲ ጽሕፈት ቤት አስቀምጦኝ ሁለቱንም አነበበልኝ። መስሚያዬን ሰክቼ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና «በአንድ ካርታ ላይ ሁለት ሰው ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ሲል በሥራዬ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። ፌክላም በመጨረሻ ሻይ ሰጠችው።

ሁለቱንም ማመን ስላልቻለ መሰርሰሪያውን አወረደ። የት እንደሚሰረስር እኔ አሳየሁት። አንድ ሜትር ከአርባ ላይ መሰርሰሪያው ጮኸ። አሥራ አንዱም ቤት ሥር በረዶ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ካርታው ተሰርዞ መሬቱ ሦስተኛ ምድብ ሆነ።

ጁን 1 ዝርዝሩ ተለጠፈ። አሥር ቤት ነው ያለበት። የእኛ የለበትም። ሆን ብሎ የውሸት ልኬታ የሰጠ ሰው በእርማቱ አይጠቀምም የሚል ደንብ አላቸው፣ መሐንዲሱ አንቀጹን በጣቱ አሳየኝ። ትክክል ነው። እኔ ከእነሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። መሐንዲሱ፣ ሁለቱ ወረቀት ባይጣላ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፣ እስከ ኦክቶበር 1 ሁለታችሁም የተስማማችሁበት አንድ ወረቀት ከመጣ ድጋሚ እናየዋለን ብሎ ሄደ። እኔ አልጻፍኩም። ሁለታችን ብንስማማ አንቺ ባለሙያ ሆነሽ አብረሽኝ ዋሸሽ ማለት ነው።

ጎረቤቶቹ የቤታቸውን እንጨት እየነቀሉ ወደ ኮረብታው ማጓጓዝ ጀምረዋል። ፌክላ ለምን እኛ እንደቀረን ጠየቀችኝ። የኤፕሪሉን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ገልብጬው ነበርና ግልባጩን ሰጠኋት፣ ስለ አኩሊና ያለውንም አነበበች። ስትጨርስ መላጊያውን አንስታ በሩን ትልግ ጀመር። በሩ ያን ቀን መላግ አያስፈልገውም ነበር። አልከለከልኳትም።

እኔ ደህና ነኝ። አያሳዝነኝም፣ አያስደስተኝምም። ቤቱ ከእኛ ቀድሞ የሚሄድ አይመስለኝም። የምትልኪልኝ ምንም አልፈልግም፣ ባትሪም አለኝ።

ፕሮኮፒ


ሃምቡርግ፣ ጁላይ 11 ቀን 2017

ለአጎቴ ለፕሮኮፒ

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠውም። ይዤው እመጣለሁ፣ ፊቴ ተቀምጠው ያነቡታል። ወደ ጆሮዎ ጮኼ የምነግርዎት ነገር አይደለም።

«ንገሪኝ» ብለው ከጠየቁኝ፣ ዛሬ ምንም የለም አልልም።

የኤፕሪሉ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጁን ውስጥ ነው፣ ቁልፉን በምመልስበት ቀን። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ገጹን ለመግለጥ ጓንቴን አውልቄ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ምን ትጠይቅዎት እንደነበር አላውቅም ነበር። ያኔ ሥራዬ በፍጥነት ስላለቀ ዕድለኛ ነኝ እል ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ያንን አሥራ ስምንት ቀን ሳስብ ዕድሌን ነበር የማመሰግነው። ሳጥኖቹ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ። እጄን ብርዱ ይዞት ነበር፣ ስወጣ ክፉኛ አመመኝ። ያ ሕመም ደስ አለኝ፣ ሌላ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም።

የጁኑ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። የሁለታችንም ወረቀት ውሸት ነበር አጎቴ። እርስዎ እኔን ሊያድኑ ዋሹ፣ እኔም እርስዎን። ሦስተኛውን ጽፌዋለሁ፣ ከዚህ ሥር አለ። «ፕሮኮፒ በረዶው እንዳለ ያውቅ ነበር፣ አልተናገረም። ኩኔይ ደንቡን ታውቅ ነበር፣ አልጠበቀችውም። ቤት ውስጥ የምትሞት እህትና እናት ነበረቻቸው። ፕሮኮፒ ልኬታ ሰጠ የሚለው ሐሰት ነው፣ ልኬታ የሰጠ ማንም የለም» ይላል። ከሥሩ የሁለት ሰው ፊርማ ቦታ አለ፣ የእኔን ፈርሜያለሁ። አብሬዎት ዋሸሁ ማለት ይሆናል ብለው የፈሩት እውነት ነው፣ እንዲሁ ነው የሆነው። ሳይጽፉ የቀሩት ሥራዬን ለማዳን ከሆነ፣ ሥራ የለኝም። ኮሚሽኑ ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም። ቢያንስ እስከ ኦክቶበር እናያለን።

የተውሶ መሰርሰሪያ ይዣለሁ። የማንም ፈቃድ የለኝም፣ የሚከፍለኝም የለም፣ ልኬታውን የሚያትመውም የለም። አርባውን ጉድጓድ ግን እሰረስራለሁ፣ በየሁለት መቶ እርምጃው አንድ። የመጀመሪያው ከፌክላ ምድጃ ማዕዘን ሥር ነው። ዲጂኖውን ይዘው አብረውኝ ይወጣሉ፣ የት እንደሚጮህ አስቀድመው ይነግሩኛል፣ እኔም እንደ ደንቡ ለክቼ እጽፋለሁ። ፌክላ ቂጣ ትጋግርልን። በየጉድጓዱ መሬቲቱን ከቂጣው ሳናጎርስ አንወጋም። ያኔ በሰበብ የዘለልነውን አሁን እንክፈላት።

ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል። ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ ማንም ባይጠይቅዎትም፣ ወደ እናቴ የድሮ አልጋ ዞር ብለው ይናገሩልኝ። ኩኔይ ዛሬ ትወጣለች፣ አልጨረሰችም ይበሏት።

የእህትዎ ልጅ ኩኔይ